ምሰሶ ላይ የተቸነከረው ወርቅ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1820 በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ኤሴክስ የምትባል የናንታኬት መርከብ ዓሣ ነባሪ እያደነች ሳለ አንድ ግዙፍ ዓሣ ነባሪ ዞሮ ወደ ራሷ ወደ መርከቧ መጣ። በግንባሩ መታት። አልፏት ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ ደገማት። መርከቧ ውኃ ገባባት፤ ሃያ ሰዎችም በሦስት ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ቀሩ። የሚቀርቧቸው ደሴቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ሰው በላ አለባቸው ብለው ስለፈሩ ፊታቸውን ወደ ሩቁ ደቡብ አሜሪካ አዞሩ። ረኃቡ ሲጠናባቸው የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሥጋ በሉ። በኋላም ማን ሞቶ ማን ይብላ ብለው ዕጣ ተጣጣሉ። ከሃያው በሕይወት የተገኙት ስምንቱ ብቻ ናቸው።

ከስምንቱ አንዱ የመርከቧ የመጀመሪያ ረዳት ኦወን ቼዝ ነበር። በማግስቱ ዓመት የደረሰባቸውን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ውስጥ ከረኃቡና ከሞቱ ይልቅ እሱን ራሱን ዕረፍት የነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ እንስሳው አስቦበት ነው ወይስ በአጋጣሚ? ቼዝ የምቱን አቅጣጫ፣ ፍጥነቱን፣ ሁለተኛው ምት ያረፈበትን ቦታ ሁሉ መዝኖ፣ ዓሣ ነባሪው በቁጣና በስሌት እንዳደረገው ደመደመ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚጻፈው ታላቅ ልቦለድ ከዚህ ጥያቄ ይነሣል። ሐያስያን ከመምጣታቸው በፊት አንድ መርከበኛ አንድን ዓሣ ነባሪ መተርጎም ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ጃንዋሪ 3 ቀን 1841 አኩሽኔት የተባለች አዲስ መርከብ ከማሳቹሴትሱ ፌርሄቨን ወደብ ተነሣች። ከባሕረኞቿ መካከል የ21 ዓመቱ ሄርማን ሜልቪል ነበር፤ አባቱ ዕዳ ትቶ የሞተበት፣ ትምህርቱን በቅጡ ያልጨረሰ የኒው ዮርክ ልጅ። በባሕር ላይ ሁለት የዓሣ ነባሪ መርከቦች ሲገናኙ ቆም ብሎ መጨዋወት ልማድ ነበር፤ ባሕረኞች ወዲያና ወዲህ ይሻገሩ፣ ደብዳቤና ወሬ ይለዋወጡ ነበር። ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ሜልቪል የኦወን ቼዝን ልጅ አገኘ። ወጣቱ ከሣጥኑ የአባቱን መጽሐፍ አውጥቶ አዋሰው። ሜልቪል ያን ታሪክ ያነበበው ኤሴክስ ከሰጠመችበት የውኃ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ዙሪያውን የብስ በማይታይበት ቦታ ነበር። የንባቡ ድንጋጤ ለብዙ ዘመን አልለቀቀውም።

ሌላም ታሪክ ነበር። በ1839 ጀረማያ ሬይኖልድስ የተባለ ጸሐፊ በኒው ዮርኩ ኒከርቦከር መጽሔት ላይ፣ በቺሊ ጠረፍ በሞቻ ደሴት አጠገብ አዳኞችን ስላስጨነቀ ሞቻ ዲክ ስለተባለ ነጭ ዓሣ ነባሪ ጽፎ ነበር። ስሙ ከሜልቪል ልቦለድ ስም ከሞቢ ዲክ ጋር በአንድ ቃል ብቻ ይለያያል።

ሜልቪል በ1842 ከመርከቡ ጠፍቶ በማርኬሳስ ደሴቶች ከቀረ በኋላ ያየውን እየጻፈ ስም አወጣ። ታይፒ የተሰኘው የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1846 ታትሞ ተወደደለት። ነገር ግን ልቦለዱን የወለደው ባሕሩ ብቻ አልነበረም። በ1849 ዓይኑ ደካማ ስለነበር እስከዚያ ድረስ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ሼክስፒር በወጉ ሊያነብ ያልቻለው ሰው፣ ፊደሉ ጎላ ያለ እትም አገኘ። ሊርንና ማክቤዝን በኅዳጉ ላይ ምልክት እያደረገ አነበበ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት 5 ቀን በማሳቹሴትሱ ሞኑመንት ተራራ ላይ በተደረገ ሽርሽር፣ ስካርሌት ሌተርን ገና በዚያው ዓመት ካሳተመው ከናታንየል ሆውቶርን ጋር ተዋወቀ። በዚያው ወር ስለ ሆውቶርን በጻፈው መጣጥፍ፣ ሌሎች አንባቢዎች ጨዋና ለስላሳ ይሉት የነበረውን ደራሲ፣ በውስጡ ጽልመት ያለበት ነው ብሎ አነበበው። ስለ ጓደኛው ሲጽፍ ራሱ ሊጽፈው ያለውንም እየተናገረ ነበር። ከዚያ በፒትስፊልድ አጠገብ የእርሻ ቤት ገዝቶ፣ በመስኮቱ የግሬይሎክ ተራራ እየታየው የዓሣ ነባሪውን መጽሐፍ ቀጠለ።

እነዚያ ወራት ለአገሪቱም ቀላል አልነበሩም። በሴፕቴምበር 1850 የአሜሪካ ምክር ቤት ከባርነት አምልጠው ወደ ሰሜን የመጡ ሰዎች ተይዘው ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ የሚያዝ ሕግ አወጣ። በኤፕሪል 1851 ቶማስ ሲምስ የተባለ ከጆርጂያ ያመለጠ ወጣት ቦስተን ውስጥ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ በሰንሰለት ታጠረ፤ ዳኞቹ ወደ ሥራቸው የሚገቡት በሰንሰለቱ ሥር ጎንበስ ብለው ነበር። ሲምስ እንዲለቀቅ የቀረበውን አቤቱታ ውድቅ ያደረገው የማሳቹሴትስ ዋና ዳኛ ለሙኤል ሾው የሜልቪል አማች፣ የሚስቱ የኤልሳቤጥ አባት ነው። በዚያው ወር ይኸው ሾው ለአማቹ አንድ ስጦታ አስፈልጎ አመጣለት፦ አንድ ቅጂ የኦወን ቼዝ መጽሐፍ።

መጽሐፉ ተጠናቀቀ። የታሪኩ አጥንት አጭር ነው። ካፒቴኑ አንድ እግሩን የቆረጠውን ነጭ ዓሣ ነባሪ ለመበቀል መርከቡንና ሰዎቹን ይዞ ዓለምን ይዞራል፤ በመጨረሻም ሁሉን ይዞ ይሰጥማል። ልቦለዱ ግን 135 ምዕራፍ አለው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ስለ ዓሣ ነባሪ ቆዳ፣ ጭራ፣ ራስ ቅልና ዘይት የሚተርኩ ናቸው። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው እነዚህን ምዕራፎች ይዘላቸዋል። መዝለሉ ግን ያጎድልበታል፤ ምክንያቱም በሰምና ወርቅ ቋንቋ ብንናገር ሜልቪል ለሰሙ የሰጠው ክብር ለወርቁ ከሰጠው አያንስም። ዓሣ ነባሪው ምልክት ከመሆኑ በፊት ሥጋ፣ ስብና አጥንት ያለው ፍጡር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅ ይፈልጋል።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ ቀድመው የሚናገሩት ስሞቹ ናቸው። ተራኪው ራሱን እስማኤል ብሎ ያስተዋውቃል፦ የአጋር ልጅ፣ ወደ ምድረ በዳ የተሰደደው። ካፒቴኑ አክዓብ ነው፦ የናቡቴን የወይን ቦታ የቀማው፣ ደሙን ውሾች የላሱት የእስራኤል ንጉሥ። እስማኤልና ጓደኛው ወደ መርከቧ ሊገቡ ሲሉ መንገድ ላይ የሚያስጠነቅቃቸው ጎስቋላ ሰው ኤልያስ ይባላል፤ በመጽሐፈ ነገሥት አክዓብን የገሠጸውም ኤልያስ ነው። በባሕር ላይ ልጁ የጠፋበትን ካፒቴን የያዘችው መርከብ ራሔል ናት፤ ስለ ልጆቿ መጽናናትን እንቢ ያለችው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ እነዚህን ስሞች ሲሰማ ፍጻሜውን ይጠረጥራል። ሜልቪልም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፍርሃቱ የሚመጣው ምን እንደሚሆን ካለማወቅ ሳይሆን እያወቁ ማስቆም ካለመቻል ነው። አክዓብ ስሙን ያወጣችለት ባልቴት እናቱ እንደሆነችና ስሙ ይደርስበታል ብለው የሚፈሩ ሰዎች እንዳሉ በመጽሐፉ ተነግሯል።

ገጸ ባሕርያቱም በንግግራቸው ተለይተዋል። አክዓብ የሚናገረው እንደ ናንታኬት መርከበኛ ሳይሆን እንደ ሼክስፒር ንጉሥ ነው፤ አንዳንዱ ምዕራፍ የመድረክ መመሪያ ሳይቀር ተጽፎለት ተውኔት ይሆናል። የመጀመሪያ ረዳቱ ስታርባክ፣ ጠንቃቃና እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው፣ በደመ ነፍስ የሚኖርን እንስሳ መበቀል እብደት ነው ይለዋል። አክዓብ ሲመልስ፣ የሚታይ ነገር ሁሉ ጭምብል ነው፣ ከጭምብሉ ኋላ ያለውን የምመታው ጭምብሉን ወግቼ ነው የሚል ሐሳብ ያነሣል። ኦወን ቼዝ በ1821 የተጨነቀበት ጥያቄ እዚህ የሁለት ሰዎች ክርክር ሆኗል፤ ለአንዱ ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነባሪ ነው፣ ለሌላው ጽሑፍ ነው። አክዓብን ገዳይ የሚያደርገው ምልክት ማየቱ አይደለም፤ ከአንድ ፍቺ በቀር ሌላ እንዳለ ለማመን እንቢ ማለቱ ነው።

የመጽሐፉ ልብ ያለው በ99ኛው ምዕራፍ ነው። አክዓብ ነጩን ዓሣ ነባሪ መጀመሪያ ላየ ሰው ሽልማት እንድትሆን አንዲት የኢኳዶር የወርቅ ሳንቲም በዋናው ምሰሶ ላይ ቸንክሯል። በሳንቲሟ ላይ ሦስት የአንዲስ ተራሮች ተቀርጸዋል፤ በአንዱ ጫፍ ነበልባል፣ በሁለተኛው ግንብ፣ በሦስተኛው የሚጮህ አውራ ዶሮ። በላያቸው የከዋክብት ቀበቶ ተዘርግቷል። መርከበኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ ያዩዋታል። አክዓብ በሦስቱም ላይ ራሱን ያያል። ስታርባክ ሥላሴንና የሞትን ሸለቆ ያያል። ሁለተኛው ረዳት ስተብ አልማናክ አምጥቶ ከከዋክብቱ የሰውን ልጅ ዕድሜ ከልደት እስከ ሞት ያነብባል። ሦስተኛው ረዳት ፍላስክ 16 ዶላር የምታወጣ ብረት ብቻ ይታየዋል፤ በሁለት ሳንቲም ሒሳብ 960 ሲጋራ ትገዛለች ብሎ ያሰላል። ሒሳቡ ስቷል፤ 800 ነው የምትገዛው። ከደቡብ ባሕር ደሴት የመጣው ክዊክዌግ ምስሉን ጭኑ ላይ ከተነቀሰው ጋር ያመሳክራል። በመጨረሻ ባሕር ላይ ብቻውን ተጥሎ አእምሮውን የሳተው ጥቁር ልጅ ፒፕ ይመጣል። እሱ ስለ ሳንቲሟ ፍቺ አይሰጥም፤ ማየት የሚለውን ግሥ በየመደቡ እያረባ ይሄዳል እንጂ።

የመጽሐፍ ጉባኤ ያየ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያውቀው ድምፅ ይሰማዋል። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል አንሥቶ «አንድም» እያለ ሲፈታው ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ይጨመርበታል እንጂ። ሰምና ወርቅ ሁለት ነው፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይገኛል፣ ነገሩም ያበቃል። ሜልቪል የጻፈው ግን እንዲህ ያለ ቅኔ አይደለም። የምሰሶዋ ወርቅ ለእያንዳንዱ ተርጓሚ አንድም ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የአንድ መቶ ሰባ ዓመት አንባቢዎችም በዚያው ምሰሶ ሥር እየተሰለፉ ይመስላል።

የክዊክዌግ ንቅሳት ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል። ያገሩ ነቢይ ስለ ሰማይና ምድር ያለውን እውቀት ሁሉ በሰውነቱ ላይ ጽፎበታል፤ ባለ ገላው ግን ማንበብ አይችልም። ታምሞ ሊሞት ሲል የሬሳ ሣጥን አሠራ። ሲድን ምልክቶቹን ከቆዳው እየገለበጠ በሣጥኑ ክዳን ላይ ቀረጻቸው። ይህ ሣጥን እስከ መጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ድረስ ይፈለጋል።

የመጨረሻው ገጽ ነገር አሳዛኝ ነው። ኦክቶበር 18 ቀን 1851 የለንደኑ አሳታሚ ሪቻርድ ቤንትሊ ልቦለዱን «ዓሣ ነባሪው» በሚል ርእስ፣ በሦስት ጥራዝ፣ በ500 ቅጂ አወጣ። ሃይማኖትን፣ ዘውድንና የሥጋ ነገርን ይነካሉ የተባሉ ቦታዎች ተቆርጠው ወጥተዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የመዝጊያው ገጽ አለመኖሩ ነበር። እስማኤል ብቻውን እንደተረፈ የሚናገረው፣ ርእሱ ላይ ለኢዮብ ጥፋቱን ያመጡለትን መልእክተኞች ቃል የያዘው ያ ገጽ በለንደኑ እትም የለም። ስለዚህ የለንደን ሐያስያን መርከቧ ሰጥማ ሁሉም ከሞቱ ይህን ታሪክ የሚነግረን ማን ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ደራሲው የትረካን መሠረታዊ ሕግ የማያውቅ ተደርጎ ተወቀሰ፤ ወቀሳው በእጃቸው ባለው መጽሐፍ ልክ ነው፣ ሜልቪል በጻፈው ግን አይደለም። ኖቬምበር 14 ቀን በኒው ዮርክ ሃርፐር ሙሉውን መጽሐፍ «ሞቢ ዲክ» ብሎ ሲያወጣ ግን አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጦች መጽሐፉን ራሳቸው ከመመርመር ይልቅ የለንደኑን ነቀፋ አስተጋቡ። የአንድ ገጽ መጥፋት የአንድን ሰው ዕጣ ሲያዘነብል ማየት ልብ ይነካል።

ከጥቂት አንባቢዎች መልካም ቃል መጣ። መጽሐፉ የተበረከተለት ሆውቶርን በደብዳቤ አመሰገነው። ሚስቱ ሶፊያም ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ከሩቅ ብልጭ እያለ መርከቧን ስለሚያስከትላት የውኃ ፍንጥቅታ ምዕራፍ ጽፋ ትርጉሙን አመለከተችው። በጃንዋሪ 1852 ሜልቪል ሲመልስላት፣ ሲጽፍ መጽሐፉ በምሳሌ ሊተረጎም እንደሚችል ጭላንጭል እንጂ ግልጽ ሐሳብ እንዳልነበረው፣ ሙሉ ምሳሌነቱን ያሳየው የባሏ ደብዳቤ እንደሆነ ነገራት። እስማኤልም በመጽሐፉ ውስጥ የየብስ ሰዎች ነጩን ዓሣ ነባሪ ተራ ተረት ወይም ምሳሌ ብቻ አድርገው እንዳያዩት ይሰጋል። ደራሲው ትርጉሙን ቋጥሮ ደብቆ እኛ የምንፈታው ነው ብሎ ማሰብ ለዚህ መጽሐፍ አይሠራም።

በዚያው ዓመት በጋ ሜልቪል ናንታኬትን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ልቦለዱ የሚነሣባትን ደሴት የረገጠው ከታተመ በኋላ ነው። እዚያ የኤሴክስን ካፒቴን ጆርጅ ፖላርድን አገኘው፤ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ይኖር ነበር። ዕጣ ደርሶት የተገደለው ወጣት የፖላርድ የአጎቱ ወይም የአክስቱ ወገን፣ ሥጋ ዘመዱ ነው። ሜልቪል ዝምተኛና ትሑት የሆነውን ሽማግሌ እጅግ አከበረው። አክዓብን በፈጠረው ሰው ፊት የቆመው እውነተኛው ካፒቴን በቀል የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይነገራል። የሚቀጥለው ልቦለዱ ፒየር ሲወጣ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ሜልቪል አብዷል ብሎ ርእስ አወጣ። በ1853 በሃርፐር ማተሚያ ቤት የተነሣ እሳት ያልተሸጡ ቅጂዎችን በላ። በሕይወቱ ሳለ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ሞቢ ዲክ ከ3,000 ብዙም አላለፈም። ከ1866 ጀምሮ ለ19 ዓመታት በኒው ዮርክ ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ በቀን 4 ዶላር እየተከፈለው ሠራ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1891 በ72 ዓመቱ ሲሞት ብዙ ሰው ቀድሞ የሞተ ይመስለው ነበር።

መነሣቱ የመጣው በተወለደ በመቶኛው ዓመት፣ በ1919 ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሬይመንድ ዊቨር ስለ ሜልቪል ለመጻፍ ሲነሣ የልጅ ልጁን ኤሊኖር ሜትካፍን አገኘ። እሷም የያዘቻቸውን ወረቀቶች ከፈተችለት፤ ከእነዚህ መካከል ያልታተመው ቢሊ በድ ነበር። ዊቨር የጻፈው የሜልቪል የሕይወት ታሪክ በ1921 ወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የነበረ አንባቢ ሁሉን ይዞ ወደ ጥፋት ስለሚነዳ መሪ ለመስማት ከአያቶቹ ይልቅ የተዘጋጀ ጆሮ ነበረው።

በ1923 እንግሊዛዊው ዲ. ኤች. ሎውረንስ ስለ አሜሪካ ክላሲክ ሥነ ጽሑፍ በጻፈው መጽሐፍ፣ ዓሣ ነባሪውን የነጩ ዘር ጥልቅ የደም ሕይወት፣ አሳዳጁን ደግሞ ያን ሕይወት ሊያጠፋ የተነሣ የገዛ ራሱ አእምሮ አድርጎ ተረጎመ። ደፋር ንባብ ነው፤ ከሜልቪል ይልቅ ስለ ሎውረንስ የሚነግረን ይበዛል። ከአራት ዓመት በኋላ ደራሲው ኢ. ኤም. ፎርስተር መለስ ብሎ አስጠነቀቀ፦ በመጽሐፉ ያሉ ነገሮች ወደ ምልክት ከተለወጡ መጽሐፉ ዝም ይላል።

የሆሊዉድ ሰዎች ይህን አልሰሙም። በ1930 ጆን ባሪሞር አክዓብን ሆኖ በተጫወተበት ፊልም ካፒቴኑ ዓሣ ነባሪውን ገድሎ ወደ እጮኛው በሰላም ይመለሳል። ስሙ አክዓብ የሆነ ሰው በሰላም ከተመለሰ ስሙ ምን ይሠራል? በዚያው ዓመት ሮክዌል ኬንት በጥቁርና ነጭ ሥዕሎቹ ያስጌጠው እትም ወጣ። ለሰፊው ገበያ የቀረበው ቅጂ ሽፋን ላይ የሠዓሊው ስም ሲኖር የደራሲው ስም ተረስቶ ነበር።

አጻጻፉን ራሱን በጥንቃቄ ያነበቡት ሰዎች የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ወጣቱ ቻርልስ ኦልሰን በ1934 የሜልቪልን የሼክስፒር ጥራዞች አፈላልጎ አገኘ፤ በኅዳጉ ላይ ያሉት ምልክቶችና ማስታወሻዎች ሞቢ ዲክ ከሊር ንባብ ጋር እንዴት እንደተያያዘ አሳዩት። በ1941 የሃርቫርዱ ኤፍ. ኦ. ማቲሰን የአክዓብን ንግግር ወስዶ በስንኝ ቢደረድረው የሼክስፒር ዓይነት ልኬት ያለው ግጥም ሆኖ ተገኘ። ስለ አክዓብ ማንነት ከተጻፈው ብዙ ነገር ይህች ትንሽ ሙከራ ትበልጣለች፤ ገጸ ባሕርዩ ሠራተኞቹን የሚያስገዛበት ኃይል በአፉ ውስጥ እንዳለ ታሳያለች። ወቅቱም ሬዲዮ ላይ የሚጮሁ አምባገነኖች አውሮፓን ያነደዱበት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ንባቦቹ ተበራከቱ። በ1951 የሥነ ልቦና ሊቁ ሄንሪ መሪ በፍሮይድ ቋንቋ አክዓብን የታፈነ ስሜት፣ ዓሣ ነባሪውን ከልካይ ሕሊና፣ ስታርባክን በመካከል የሚዋልል ማስተዋል አድርጎ ደለደላቸው። ድልድሉ ንጹሕ ነው፤ ንጽሕናው ግን ዓሣ ነባሪውን ከባሕር አውጥቶ ሠንጠረዥ ላይ ያስተኛዋል።

በቀጣዩ ዓመት ፍጹም ሌላ አንባቢ መጣ። ትሪኒዳዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ከአሜሪካ ሊባረር ተይዞ በኒው ዮርክ ወደብ በኤሊስ ደሴት ታስሮ ነበር። እዚያ፣ ሜልቪል ከሠራበት የጉምሩክ ወደብ አቅራቢያ፣ ከብዙ አገር ከመጡ እስረኞች ጋር እየኖረ ስለ ሞቢ ዲክ መጽሐፍ ጻፈ። አክዓብ ለእሱ ዘመኑ የወለደው አምባገነን ነው፤ እስማኤል ደግሞ አደጋውን እያወቀ የሚከተል ምሁር። ጀግኖቹ ግን ሐያስያን ያለፏቸው ናቸው፦ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከደሴቶቹና ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጡት፣ በአንዲት መርከብ ላይ የሚሠሩት ባሕረኞች። መጽሐፉ በ1953 ሲታተም የመጨረሻው ምዕራፍ የራሱን እስራት ይተርክ ነበር። በኋለኞቹ እትሞች ያ ምዕራፍ ተቆርጦ ቀረ፤ የተመለሰው በ2001 ነው። የሜልቪል ዕጣ በአንባቢውም ላይ ደረሰ።

በ1956 ጆን ሂውስተን ግሪጎሪ ፔክን አክዓብ አድርጎ ፊልም ሠራ። እስማኤል ከመሳፈሩ በፊት በኒው ቤድፎርድ አባ ማፕል ስለ ዮናስ ሲሰብክ ይሰማል፤ በልቦለዱ ሰባኪው የሚቆምበት መድረክ የመርከብ አፍንጫ ይመስላል። በኒው ቤድፎርድ እውነተኛው የመርከበኞች ጸሎት ቤት እንዲህ ያለ መድረክ አልነበረውም። ፊልሙን አይተው የሚመጡ ጎብኚዎች የት አለ እያሉ ስለጠየቁ በ1961 ተሠራ። የደራሲ ዘይቤ በአናጺ እጅ እንጨት ሆነ።

በ1963 ሐያሲው አለን ሃይመርት ልቦለዱን ወደ 1850 ፖለቲካ መለሰው። ሦስቱ ረዳቶች የሰሜን፣ የምዕራብና የደቡብ ምልክቶች ናቸው፤ በየጀልባቸው የሚያሳድሩት ባለ ጦሮች ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል የሚንተራስባቸው ሕዝቦች፦ ከደሴት የመጣው ክዊክዌግ፣ ነባሩ አሜሪካዊ ታሽቴጎ፣ አፍሪካዊው ዳጉ። በሰንሰለት የታጠረውን የቦስተን ፍርድ ቤት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ንባብ ከሩቅ የመጣ አይሆንም። የመርከቧ ስም ፒኩዎድም ከዚሁ ጋር ይነበባል፤ እስማኤል የጠፋ ነገድ ስም ነው ይላል። ነገዱ ግን አልጠፋም። በ1983 የአሜሪካ መንግሥት በኮኔቲከት ለሚኖሩት ማሻንታኬት ፒኮቶች በሕግ እውቅና ሰጠ።

ኦክቶበር 1988 ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቆማ ስለ አሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ተናገረች። ሐያስያን ሁሉ ዓሣ ነባሪውን ሲተረጉሙ ቆይተዋል፤ እሷ ዓይኗን ያሳረፈችው በቀለሙ ላይ ነው። ሜልቪል ሙሉ 42ኛውን ምዕራፍ ለነጭነት ሰጥቷል፤ ነጭ ቀለም ለምን ከደም ይልቅ እንደሚያስፈራ ይመረምራል። ሞሪሰን ይህን ምዕራፍ ቃል በቃል አነበበችው፦ ነጭነት የሰው ቆዳ መግለጫ መሆኑ ቀርቶ ርእዮተ ዓለም የሆነበትን ቅጽበት ሜልቪል አይቷል፣ አክዓብንም የቆራረጠው ይኸው ርእዮተ ዓለም ነው። መቶ ሰላሳ ሰባት ዓመት በሁሉም ዓይን ፊት የነበረውን ቃል ለማየት የፒፕ ዓይን አስፈለገ። ከዚህ ንባብ ወዲህ ያንን ምዕራፍ እንደ ቀድሞው ማንበብ አይቻልም።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 2001፣ የኒው ዮርክ መንትያ ሕንጻዎች ከወደሙ በአምስተኛው ቀን፣ ፍልስጤማዊው ኤድዋርድ ሰኢድ በለንደኑ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ጽፎ፣ ለጦርነት የተነሣውን ስሜት ካፒቴን አክዓብ ሞቢ ዲክን ካሳደደበት ጋር አመሳሰለው። የአንድ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ስም ማብራሪያ ሳያስፈልገው በጋዜጣ አንቀጽ ውስጥ ተቀመጠ።

ከ1997 ጀምሮ በኒው ቤድፎርድ የዓሣ ነባሪ ሙዚየም በየጃንዋሪው መጀመሪያ፣ አኩሽኔት ከተነሣችበት ቀን አቅራቢያ፣ ሰዎች ተሰብስበው መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው ያነብባሉ። ዓሣ አጥማጆች፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች በየተራ ለጥቂት ደቂቃ እየተነሡ 25 ሰዓት ያህል ይወስዳል። የአባ ማፕል ስብከት ሲደርስ መንገዱን ተሻግረው ወደ ጸሎት ቤቱ ይገባሉ፤ አንባቢው በ1961 በተሠራው የመርከብ አፍንጫ ላይ ይቆማል። ሌሊቱን አንዳንዶች መሬት ላይ ጋደም ብለው ይሰማሉ። በማግስቱ እኩለ ቀን አካባቢ መርከቧ ትሰጥማለች። ወርቋ ከምሰሶው ጋር ትወርዳለች፤ የተሸለማት ሰው የለም። ከዚያ አንድ ሰው ይነሣና ለንደን ያልደረሰውን ገጽ ያነብባል፦ የክዊክዌግ የሬሳ ሣጥን፣ ማንም ያላነበባቸው ምልክቶች እንደተቀረጹበት፣ ከአዙሪቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ እስማኤል አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በላዩ ይንሳፈፋል፤ በሁለተኛው ቀን የጠፉ ልጆቿን ፍለጋ የምትዞረው ራሔል ታገኘዋለች።